ዳቮስ 1929፦ የአውሮፓ ፍልስፍና ለሁለት የተከፈለው እዚያ ነው?

ቀለም ቀንድ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ መድረክ ላይ የኮንቲኔንታል ፍልስፍና ስም ሲነሳ (እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች ካለው የትንተና ፍልስፍና የሚለየው የጀርመንና የፈረንሳይ መስመር ማለት ነው) ሁለት ዓይነት አስተያየት ነው የማየው። አንዱ "አይገባም፣ ዝም ብሎ የቃላት ጨዋታ ነው" ይላል። ሌላው "በጣም ጥልቅ ነው" ብሎ ያልፋል። ሁለቱም አያጠግቡኝም። ማን ከማን ተማረ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ በምን ምክንያት? ይህን ሳናውቅ መፍረድ ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ልምረጥና ከዚያ እንነሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ዳቮስ ነው፤ ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለች ከተማ። ያኔ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ለንጹህ አየር የሚሄዱባት ነበረች። በ1929 የጸደይ ወቅት ከጀርመን፣ ከፈረንሳይና ከሌሎች አገሮች የመጡ ምሁራንና ተማሪዎች እዚያ ተሰበሰቡ። ጥያቄያቸው "ሰው ምንድን ነው?" የሚል ነበር። ከተናጋሪዎቹ ሁሉ በጉጉት የተጠበቁት ሁለት ናቸው። ኤርነስት ካሲረር 54 ዓመቱ ነው፤ የሃምቡርግ ፕሮፌሰር፣ የተረጋጋና ሁሉን ያነበበ ሰው። ማርቲን ሃይደገር 39 ዓመቱ ነው። "ህላዌና ጊዜ" የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። የመምህሩን የኤድመንድ ሁሰርልን ወንበር ፍራይቡርግ ላይ ከተረከበም ገና ዓመት አልሞላውም።

የተከራከሩት በካንት ላይ ነው። ካሲረር ሰው ውሱን ነው፣ ግን በቋንቋ፣ በተረት፣ በጥበብና በሳይንስ ከውሱንነቱ በላይ ይወጣል አለ። ሃይደገር አልተቀበለውም። ካንት የሳይንስ ዕውቀትን መሠረት ብቻ አልፈለገም፤ የሰውን ውሱንነት ራሱን ነው የገለጠው አለ። የፍልስፍና ሥራም ሰውን ማጽናናት ሳይሆን ከዕጣው ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት ነው ብሎ ተከራከረ።

አዳራሹ ውስጥ ሌሎችም ነበሩ። ሩዶልፍ ካርናፕ ከቪየና መጥቶ ያዳምጣል። በአመክንዮ ወይም በሳይንስ የማይፈተሽ አባባል ትርጉም የለውም የሚለው የሎጂካል ፖዚቲቪዝም ትልቅ ስም በኋላ የሚሆነው እሱ ነው። ኢማኑኤል ሌቪናስ የሚባል ከሊትዌኒያ የመጣ ወጣት ተማሪም አለ። ተማሪዎቹ አንድ ምሽት ክርክሩን በቀልድ ተውነውት ነበር። ሌቪናስ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነስንሶ ካሲረርን ሆኖ ተጫወተ። ከጦርነቱ በኋላ ይህን ሲያስታውስ ይጸጸት ነበር። ምክንያቱን ወደ ታች ስንወርድ ታገኙታላችሁ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች፣ ካሲረር፣ ሃይደገርና ካርናፕ፣ የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ሦስቱም ያደጉት "ወደ ካንት እንመለስ" ይሉ በነበሩ የጀርመን መምህራን እጅ ነው። ካሲረር ማርቡርግ ላይ ከሄርማን ኮኸን ተማረ። ሃይደገር የመምህርነት ማዕረጉን ያገኘው በሃይንሪኽ ሪከርት ሥር ነው። ካርናፕም የና ላይ ከብሩኖ ባውኽ ተምሯል። ዳቮስ ላይ ተከራከሩ እንጂ አልተቆራረጡም። የቆራረጣቸው ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ፖለቲካ ነው። ምን ትላላችሁ?

---

የመጀመሪያ ዓመት

ደስ የሚል ክር ነው። እኔ ገና ጀማሪ ነኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁሉም በካንት ላይ ለምን ይጣላል? ካንት የሞተው በ1804 አይደል እንዴ? ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በሱ ላይ መከራከራቸው ገረመኝ።

---

ብራና

@የመጀመሪያ ዓመት ጥሩ ጥያቄ ነው። በአጭሩ ልሞክር።

ካንት በ1781 ባወጣው ትልቅ መጽሐፉ አእምሮ ዓለምን ዝም ብሎ አይቀበልም አለ። ጊዜና ቦታ፣ ምክንያትና ውጤት የሚባሉት እኛ ዓለምን የምንቀበልባቸው መልኮች ናቸው። ስለዚህ ስለሚታየን ነገር እርግጠኛ ዕውቀት ሊኖረን ይችላል። ከኛ እይታ ውጭ ነገሩ በራሱ ምን እንደሆነ ግን አናውቅም። በሱ አስተሳሰብ ሳይንስም ነፃነትም ቦታ አገኙ። ዋጋው ደግሞ በመካከል የተዘረጋ ድንበር ነው።

ከሱ በኋላ የመጡት ያንን ድንበር መታገስ አልቻሉም። ሄግል በ1807 ያወጣው መጽሐፍ አእምሮ ራሱ ታሪክ አለው ይላል። የምናስብባቸው መልኮች ከዘላለም የተሰጡ አይደሉም፤ በትግል፣ በሥራ፣ በሌላ ሰው ዘንድ ዕውቅና በመሻት የተገኙ ናቸው። ለኔ ዘመናዊው የኮንቲኔንታል ፍልስፍና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ታሪክ ወደ አስተሳሰብ ውስጥ የገባበት ቅጽበት ነው።

ሁሌ የሚደንቀኝን አንድ አዳራሽ ልጨምር። ሄግል በ1831 ሞተ። የፕሩሲያ መንግሥት የሱን ተጽዕኖ እንዲያዳክምለት አሮጌ ጓደኛውን ሼሊንግን በ1841 ወደ በርሊን ጠራ። የመጀመሪያውን ትምህርት ሊሰሙ ከመጡት ውስጥ እነማን እንደነበሩ እዩ፤ ከዴንማርክ ሶረን ኪርኬጋርድ፣ ከሩሲያ ሚካኤል ባኩኒን፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ፍሪድሪክ ኤንግልስ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነው ከሄግል በኋላ ምን እንደሚመጣ ይጠብቁ ነበር። ኪርኬጋርድ ሰልችቶት ወደ ኮፐንሃገን ተመለሰ፤ ስለ ግለሰቡ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ ምርጫ ጻፈ። ኤንግልስ ከማርክስ ጋር ሆነ። ባኩኒን አናርኪስት ሆነ። ሁሉም ሄግልን እየተቃወሙ ከሄግል ተበደሩ።

ወደ ዳቮስ ስትመለስ ይህ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ካሲረር ድንበሩን የምንሻገርበትን መንገድ ያሳያል፤ ሃይደገር ድንበሩ ላይ ቆመን እንድናይ ይፈልጋል።

---

ነፋስ ስልክ

በአክብሮት ልቃወም። @ቀለም ቀንድ "ፖለቲካ ነው የቆራረጣቸው" ስትል የሐሳቡን ልዩነት አቅልለኸዋል።

ልዩነቱ ከዳቮስ በፊት ነበር። በ1879 ጎትሎብ ፍሬገ አዲስ አመክንዮ አወጣ። ከአሪስቶትል በኋላ እንደዚያ ያለ እርምጃ አልታየም ማለት ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ በርትራንድ ራስልና ጂ ኢ ሙር በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ካምብሪጅ ውስጥ የነገሠውን የሄግል ዓይነት ፍልስፍና ትተው ወጡ። የፈለጉት ግልጽነትን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ምን ይላል? እውነት የሚሆነው መቼ ነው? ይህ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?

ካርናፕም ዳቮስን ከሰማ በኋላ ዝም አላለም። ሃይደገር በዚያው 1929 ፍራይቡርግ ላይ "ሜታፊዚክስ ምንድን ነው?" ብሎ ባደረገው ንግግር "ምንምነት ራሱ ይመነምናል" ዓይነት ነገር ተናገረ። ካርናፕ ያቺን ዓረፍተ ነገር ወስዶ በአዲሱ አመክንዮ መዘናት። "ምንም" የሚለው ቃል የነገር ስም አይደለም፤ "እንዲህ ያለ ነገር የለም" የምንልበት መንገድ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት እንኳ አይደለም፣ ትርጉም የለውም አለ። ለኔ ይህ ትችት ዛሬም መልስ ይፈልጋል። "ጥልቅ ነው" ብሎ መሸሽ መልስ አይሆንም።

---

ቀለም ቀንድ

@ነፋስ ስልክ ክርክርህን ወድጄዋለሁ፤ ጠንካራ ነው። ግን ፍሬገን ስታነሳ የኔን ነጥብ ነው የምታግዘው።

ሁሰርል በሂሳብ የተመረቀ ሰው ነው። በ1891 ስለ ሂሳብ ፍልስፍና የመጀመሪያ መጽሐፉን አወጣ። በ1894 መጽሐፉን ክፉኛ የተቸው ማን ነበር? ፍሬገ ራሱ! ሁሰርል በ1900 እና 1901 ባወጣው ትልቅ ሥራው ደግሞ የአመክንዮ ሕግ የሥነ ልቦና ሕግ አይደለም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ሁለት ሁለት ጊዜ አራት የሚሆነው አእምሯችን እንዲህ ስለተሠራ አይደለም ማለቱ ነው። የፌኖሜኖሎጂ (ነገሮች ለእኛ እንዴት እንደሚገለጡ የሚመረምረው ዘዴ) አባት ሁሰርልና የዘመናዊ አመክንዮ አባት ፍሬገ ያኔ ጎን ለጎን ነበሩ።

ሌላም አለ። "ህላዌና ጊዜ" እንግሊዝ ሲደርስ "ማይንድ" የተባለው መጽሔት ላይ ሰፊ ግምገማ የጻፈው ጊልበርት ራይል ነው። የኦክስፎርዱ ራይል፤ በኋላ የትንተናው ፍልስፍና ምሰሶ የሆነው። ዓመቱ 1929 ነው፣ የዳቮሱ ዓመት። መጽሐፉን በአክብሮት ነው ያነበበው፤ ወዴት እንደሚያመራ ግን ሰግቷል። ያ ግምገማ የጎረቤት ጽሑፍ ነው፤ እንደ ባዕድ ነገር አላየውም። የሐሳብ ልዩነት ነበረ፤ እስማማለሁ። መነጋገር ግን አልቆመም ነበር።

ከዚያ 1933 መጣ። ካሲረር አይሁዳዊ ስለሆነ በዚያው ዓመት ጀርመንን ለቀቀ፤ ኦክስፎርድ፣ ከዚያ ስዊድን፣ ከዚያ አሜሪካ። ኒው ዮርክ ላይ የሞተው ሚያዝያ 1945 ነው፤ ሂትለር ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ። ካርናፕ ሶሻሊስት ነበር፤ ከፕራግ በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ሞሪትስ ሽሊክ፣ ካርናፕ የነበረበት የቪየናው የፈላስፎች ክበብ መሪ፣ በ1936 ዩኒቨርሲቲው ደረጃ ላይ በቀድሞ ተማሪው ተገደለ። ጀርመን ውስጥ የቀረው ሃይደገር ነው። አመክንዮ ይዘው የሄዱት እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ተማሪ አፈሩ። የሁሰርልን ሐሳብ የያዙት ደግሞ ፈረንሳይ ላይ ሥር ሰደዱ። መካከል ላይ ቆሞ ለሁለቱም መናገር የሚችለው ካሲረር ትምህርት ቤቱን አጣ።

---

የማይን ዳር

ከፍራንክፈርት ነኝ። ስለ ሁሰርል ሲወራ ሁሌ ዘዴው ይረሳል፤ ስሙ ብቻ ይቀራል። እስቲ በቀላሉ ልሞክረው።

ጠረጴዛ ላይ ያለ ስኒ ስታይ በእውነት የምታየው አንድ ጎኑን ነው። ጀርባውን አታይም። ግን "ግማሽ ስኒ አየሁ" አትልም፤ ስኒ አየሁ ነው የምትለው። ያልታየው ጎን በእይታህ ውስጥ እንደሚጠበቅ ሆኖ አለ። ሁሰርል የሚለው ይህንን በትዕግሥት ግለጸው ነው። ስኒው ከኔ ውጭ በእውነት አለ ወይስ የለም የሚለውን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው። ነገሩ እንዴት ሆኖ እንደሚገለጥልህ ተከታተል። ይኸው ነው። ያ ትዕግሥት ነው መቶ ዓመት ሙሉ የተሠራበት። ሃይደገር ዘዴውን ወስዶ ከስኒው ይልቅ ወደ ሥራ፣ ወደ መሣሪያ፣ ወደ ሞት ፍርሃት ወሰደው። ፈረንሳዊው ሜርሎ-ፖንቲ ወደ አካል ወሰደው። ሌቪናስ ወደ ሌላው ሰው ፊት ወሰደው።

አሁን ወደ ፖለቲካው። ሁሰርል በትውልዱ አይሁዳዊ ነው፤ በወጣትነቱ ሉተራን ሆኖ ተጠምቋል። በ1933 ግን ያ ጥምቀት ከምንም አላዳነውም። በዚያው ሚያዝያ ሃይደገር የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆነ፤ በግንቦት የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ሬክተርነቱን በሚቀጥለው ዓመት ለቀቀ። አባልነቱን ግን እስከ 1945 አልተወም። "ህላዌና ጊዜ" ለሁሰርል በአክብሮትና በወዳጅነት የተበረከተ መጽሐፍ ነበር። በ1941 በወጣው እትም ያ መታሰቢያ ተነሳ።

ሁሰርል በ1936 የመጨረሻ ትልቅ ሥራውን፣ የአውሮፓ ሳይንሶች ቀውስ ብሎ የጻፈውን፣ ጀርመን ውስጥ ማሳተም ስላልቻለ መጀመሪያው ቤልግሬድ ላይ ወጣ። ሚያዝያ 1938 ሞተ። ወደ 40,000 ገጽ የሚጠጋ በአጭር እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ማስታወሻ ትቶ ነበር። ያንን ሁሉ ያዳነው ሄርማን ቫን ብሬዳ የሚባል ወጣት የቤልጂየም ፍራንሲስካዊ ቄስ ነው። ለጥናት ወደ ፍራይቡርግ መጥቶ ወረቀቱን ሲያይ ምን አደጋ እንዳለ ገባው። በቤልጂየም ኤምባሲ በኩል በዲፕሎማቲክ ሻንጣ ወደ ሉቨን አሻገረው። የሁሰርልንም ባለቤት በጦርነቱ ወቅት ገዳም ውስጥ አስጠግቷታል። ዛሬ የሁሰርል መዝገብ ሉቨን የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ታሪክ ሳስብ ፍልስፍና በሰው እጅ ላይ ያለ ነገር መሆኑ በደንብ ይገባኛል።

የሁሰርል ረዳት የነበረችው ኤዲት ሽታይን በ1942 አውሽቪትዝ ላይ ተገደለች። ሌቪናስ የፈረንሳይ ወታደር ሆኖ ተማርኮ ጦርነቱን በእስር አሳለፈ፤ ሊትዌኒያ ያሉት ወላጆቹና ወንድሞቹ አለቁ። @ቀለም ቀንድ ስለ ጸጸቱ ያልከው ይኸው ነው። በዱቄት የቀለደበት ካሲረር ትክክል ባይሆን እንኳ የቆመበት ቦታ የሰው ልጅ ክብር ነበር።

---

የመጀመሪያ ዓመት

ታዲያ ሃይደገርን ለምን እናነባለን? በእውነት ነው የምጠይቀው። እንዲህ ያደረገ ሰው ስለ ሰው ልጅ ምን ሊያስተምረኝ ይችላል?

---

የማይን ዳር

ይህን ጥያቄ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጠይቀውታል፤ አይሁዳውያን ተማሪዎቹ። ሃና አረንት፣ ሄርበርት ማርኩዘ፣ ካርል ሌቪት፣ ሃንስ ዮናስ፤ ሁሉም ከሱ ተምረዋል፣ ሁሉም ተሰደዋል። ማርኩዘ ከጦርነቱ በኋላ ደብዳቤ ጽፎለት በግልጽ ቃል እንዲናገር ጠየቀው። አጥጋቢ መልስ አላገኘም። ወጣቱ ዩርገን ሃበርማስ በ1953 ጋዜጣ ላይ የጻፈው ትችትም አለ። ሃይደገር በ1935 ያስተማረውን ትምህርት ሲያሳትም ስለ ናዚ እንቅስቃሴ "ውስጣዊ እውነትና ታላቅነት" የሚለውን ቃል ሳይሰርዝ እንዳለ ትቶት ነበር። ሃበርማስ ያኔ 24 ዓመቱ ነው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ጥቁር ደብተሮች የሚባሉት ማስታወሻዎቹ መታተም ጀምረዋል፤ በውስጣቸው ለአይሁዳውያን ያለው ጥላቻ በራሱ ቃል ተጽፏል።

የኔ አቋም፦ ይነበብ፤ ግን ከነዚህ ተማሪዎቹ ጋር አብሮ ይነበብ። አረንት ሞት ላይ ብቻ ያተኮረውን አስተሳሰቡን ገልብጣ ስለ መወለድ ጻፈች፤ ሰው አዲስ ነገር መጀመር የሚችል ፍጡር ነው ብላ። ይህ ለሱ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄውን ሳታውቅ መልሱ አይገባህም።

---

ጋሽ አንባቢ

ልጆች፣ በእርጋታ መነጋገራችሁ ደስ ይላል። እኔ የምጨምረው ከአገራችን በኩል ነው።

ይህ ፍልስፍና ወደ እኛ አልደረሰም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ደርሷል፤ በአንድ በር ብቻ ነው የገባው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተማሪዎች እንቅስቃሴ የያዘው ማርክስን ነው። ማርክስ ደግሞ የሄግል ልጅ ነው፣ ከላይ ብራና እንዳለው። ግን እኛ ጋ ሄግል አልመጣም። የመጣው በሌኒንና በስታሊን በኩል የተጠቀለለው ማርክስ ነው፣ በትናንሽ መጽሐፍት። ነገር ሁሉ በተቃራኒዎች ግጭት ይለወጣል የሚለውን ዲያሌክቲክስን እንደ ጸሎት በቃላችን አጠናን። ከየት እንደመጣ የጠየቀ ጥቂት ነው። በኋላም በደርግ ዘመን በፖለቲካ ትምህርት መልክ ከላይ ታዘዘ።

ወጣቱ ማርክስ በ1844 ስለ ሰው ከሥራው መነጠል የጻፋቸው ማስታወሻዎች በሙሉ የታተሙት በ1932 ነው። አሁን የጠራችሁት ማርኩዘ ወዲያው አንብቦ ጻፈባቸው፤ ገና የሃይደገር ተማሪ እያለ። አውሮፓ ውስጥ እነዚያ ገጾች ማርክስን ከፓርቲ ቀኖና አወጡት። እኛ ዘንድ ያ ማርክስ ቢደርስ ኖሮ ክርክሩ በጥይት ከመፈታቱ በፊት የምንነጋገርበት ነገር በኖረን ነበር ብዬ አስባለሁ። ብዙ ጓደኞቼን አጥቻለሁና ይህን ስል ከልቤ ነው።

ሌላ በርም አለ። ፕሮፌሰር መሳይ ከበደ ፈረንሳይ ተምረው መጥተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ናቸው። ስለ አንሪ ቤርግሶን በሰፊው ጽፈዋል። የዚያ ትውልድ አክራሪነት ከባህሉ በተነቀለ ትምህርት እንደመጣ የሚከራከሩትም እሳቸው ናቸው። ኤርትራዊው ጸናይ ሰረቀብርሃን ደግሞ ከሃይደገርና ከተማሪው ከጋዳመር የትርጓሜ ፍልስፍና ተነስቶ ስለ አፍሪካ ፍልስፍና ጽፏል። እነዚህን ፈልጋችሁ አንብቡ።

---

ነፋስ ስልክ

@ጋሽ አንባቢ እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በቃል የተጠናው ዲያሌክቲክስ የኮንቲኔንታል ፍልስፍና አደጋ ማሳያ አይሆንም? ዓረፍተ ነገሩ ለምርመራ ክፍት ካልሆነ ሥልጣን ያለው ሰው እንደፈለገ ይተረጉመዋል። ካርናፕ የፈራው ይህንን ጭምር ነው። እሱና ጓደኞቹ ግልጽነትን የፈለጉት ለጨዋታ አይደለም። ቪየና ውስጥ ለሠራተኞች ያስተምሩ ከነበሩት ውስጥ የነሱ ሰዎች ነበሩ። ኦቶ ኖይራት ለሁሉም የሚገባ የሥዕል ስታቲስቲክስ ፈጠረ።

---

ጋሽ አንባቢ

ልክ ነህ ልጄ፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን በቃል ያጠናነው ሄግልን አይደለም፣ የሄግልን ማጠቃለያ ነው። ሄግልን ራሱን ያነበበ ሰው በአንድ አንቀጽ ላይ ሳምንት ይቆያል። ለትዕዛዝ የማይመች መጽሐፍ ነው።

---

ብራና

ፈረንሳይ ስትባል የተዘለለውን ልሙላ፤ እዚያ ያለው ታሪክ ሀብታም ነው።

ሌቪናስ ከፍራይቡርግ ተመልሶ በ1930 ስለ ሁሰርል በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አወጣ። ሳርትር ያንን አንብቦ በ1933 ለአንድ ዓመት በርሊን ሄደ፣ ሁሰርልን ሊያጠና። በዚያው 1933 አሌክሳንደር ኮዤቭ የተባለ ሩሲያዊ ስደተኛ ፓሪስ ላይ ሄግልን ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 1939 ቀጠለ። ከተማሪዎቹ ውስጥ ሜርሎ-ፖንቲ፣ ላካን፣ ባታይ፣ ሬይሞን አሮን ነበሩ። ኮዤቭ ሄግል ስለ ጌታና ባሪያ የዕውቅና ትግል የጻፈውን ምዕራፍ የሁሉ ነገር ቁልፍ አድርጎ አነበበ። የሄግልን አንድ ምዕራፍ አጋንኗል የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው። ግን ያ ግነት ነው ፍሬ ያፈራው።

ከዚያ ምን እንደወጣ ተመልከቱ። ሲሞን ደ ቦቯር በ1949 ስለ ሴትነት የጻፈችው በዚህ ቋንቋ ነው፤ ሴት "ሌላ" ተደርጋ ተሠራች፣ ዕውቅናውም አንድ ወገን ብቻ ሆነ ትላለች። ፍራንዝ ፋኖን ከማርቲኒክ መጥቶ ሊዮን ላይ ሕክምና ሲያጠና የሜርሎ-ፖንቲን ትምህርት ይከታተል ነበር። በ1952 ያወጣው መጽሐፍ ጥቁር ሰው ነጭ ሰው ሲያየው አካሉ በራሱ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ይገልጻል። ሄግል የጻፈው ጌታ ከባሪያው ዕውቅና ይፈልጋል፤ የቅኝ ገዢው ጌታ ግን ዕውቅና አይፈልግም፣ ጉልበት ነው የሚፈልገው ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የአውሮፓ ፍልስፍና ከአውሮፓ ውጭ ባለ ሰው እጅ ሲታረም አያለሁ።

አሁን ወደ ዳቮስ ጥያቄ እንመለስ፤ "ሰው ምንድን ነው?" ይህን ጥያቄ የጠየቀው ካንት ነው። በ1961 ሚሼል ፉኮ ለዶክትሬቱ ካቀረባቸው ሁለት ሥራዎች አንዱ የካንት የአንትሮፖሎጂ መጽሐፍ ትርጉምና መግቢያ ነበር። በ1966 ደግሞ "ሰው" የሚባለው የዕውቀት ማዕከል የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው፣ ሊጠፋም ይችላል ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልጭልጭ አባባል ይጠቅሰዋል። በኔ እይታ ግን ለዳቮስ ጥያቄ የተሰጠ ሦስተኛ መልስ ነው። ካሲረርም ሃይደገርም ጥያቄው ትክክል ነው ብለው ነበር የተከራከሩት። ፉኮ ጥያቄው ራሱ መቼ ተወለደ ብሎ ጠየቀ።

ዣክ ዴሪዳም ከዚሁ መስመር ነው። አልጄሪያ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በ1942 ከናዚ ጋር በተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ሕግ ከትምህርት ቤት ተባሯል። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1962 የወጣው የሁሰርል ትርጉምና መግቢያ ነው። እንግዲህ ከየትም የመጣ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሁሰርልን በጥንቃቄ ከማንበብ የተወለደ ነው።

---

ነፋስ ስልክ

@ብራና ስለ ፋኖንና ስለ ፉኮ ያልከው ጠቅሞኛል። ዴሪዳ ላይ ግን አልለወጥም። በ1992 ካምብሪጅ የክብር ዶክትሬት ሊሰጠው ሲል የብዙ አገር ፈላስፎች ጋዜጣ ላይ ተቃውሞ ጻፉ። ድምፅ ተሰጥቶ በ336 ለ204 አለፈለት። ማለፉ ትክክል ይመስለኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ክርክርን መፍራት የለበትም። ነገር ግን እነዚያ 204 ሰዎች ሁሉ ያላነበቡ ናቸው ማለት አይቻልም። የሐሳብ ልዩነቱ በእውነት አለ ስል የነበረው ይህንን ነው። ስደት ሰዎቹን አራራቀ፤ የሚያለያያቸውን ነገር ግን አልፈጠረም።

---

ቀለም ቀንድ

@ነፋስ ስልክ እዚህ ላይ ልዩነታችን ጠቧል። የሐሳብ ልዩነት ነበረ ትላለህ፤ አዎ ነበረ። እኔ የምለው ልዩነት ያላቸው ሰዎች አንድ ጉባኤ ላይ ሲቀመጡ ፍልስፍና ይሆናል፤ ሲበተኑ ሁለት የማይተዋወቁ ትምህርት ቤቶች ይሆናል። በ1958 ፈረንሳይ ሩዋዮሞን ላይ ራይልና የኦክስፎርድ ባልደረቦቹ ከፈረንሳዮቹ ጋር ተገናኙ። ሜርሎ-ፖንቲም ቫን ብሬዳም ነበሩ። ራይል ስለ ፌኖሜኖሎጂ የተናገረው ከ1929ኙ ግምገማው ጋር ሲተያይ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል፤ ከሩቅ ሆኖ ነው የተናገረው። የሠላሳ ዓመት ዝምታ ያመጣው ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያው ሠላሳ ዓመት ውስጥ ደግሞ የፍራንክፈርቶቹ ሆርክሃይመርና አዶርኖ ከጀርመን ሸሽተው ካሊፎርኒያ ላይ አብረው ጻፉ። ጓደኛቸው ዋልተር ቤንያሚን በ1940 የስፔን ድንበር ላይ ሕይወቱን አጠፋ። እነዚህን ሞቶችና ስደቶች ከሐሳቡ ታሪክ ለይቼ ማየት አልችልም።

---

የመጀመሪያ ዓመት

በጣም ተምሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ። በእንግሊዝኛ ነው የማነበው። ከየት ልጀምር? "ህላዌና ጊዜ"ን ከፍቼ አስር ገጽ ላይ ቆምኩ።

---

የማይን ዳር

በሱ አትጀምር። መጀመሪያ ካንት በ1784 ስለ ብርሃነ ዕውቀት የጻፈውን አጭር ጽሑፍ አንብብ፤ ጥቂት ገጽ ነው። ከዚያ ሳርትር በጥቅምት 1945 ፓሪስ ላይ ያደረገውን የኤግዚስቴንሻሊዝም ንግግር። ቀላል ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ቀላል ነው፣ ግን በሩን ይከፍታል። ቀጥሎ "Phenomenology of Perception" የተባለውን የሜርሎ-ፖንቲን መጽሐፍ መግቢያ ብቻ፤ ፌኖሜኖሎጂን እሱ በዚያ ገጽ ካስረዳው የተሻለ ያስረዳ አላውቅም። ሃይደገር ከነዚህ በኋላ ይምጣ።

---

ነፋስ ስልክ

በዚያ ዝርዝር ላይ የካርናፕን ጽሑፍ ጨምርበት፤ "ሜታፊዚክስ ምንድን ነው?" ከሚለው የሃይደገር ንግግር ጋር በአንድ ቀን። ሁለቱም አጭር ናቸው። መጀመሪያ ሃይደገርን አንብበህ የገባህን ጻፍ። ከዚያ ካርናፕን አንብብና የጻፍከው የትኛው እንደቆመ እይ። ውጤቱን እዚህ ብትለጥፈው እኔም ብራናም እንመልስልሃለን።

---

ብራና

እስማማለሁ። የሃይደገሩን ስታነብ ስለ ጭንቀት የሚናገርበትን ክፍል አትዝለለው። ካርናፕ የተቸው ዓረፍተ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለብቻው ተነቅሎ ሲነበብ ሌላ ነገር ይመስላል። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ክር እከፍታለሁ፤ ሁለቱን ጽሑፎች አንቀጽ በአንቀጽ እናያለን። ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡልን፤ ስለ 1844ቱ የማርክስ ማስታወሻዎች የጀመሩትን እዚያ እንድንቀጥል እፈልጋለሁ።